የጠፉት ቢጫ ቆርኪዎች

አዳማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ጡረተኛው ጋሽ በላቸው በረንዳቸው ላይ የፖከር ጠረጴዛ ዘርግተዋል፤ ጎረቤታቸው ትርሲት እንደ ብር የሚጫወቱባቸውን ቆርኪዎች እየቆጠረች ነው።

ትርሲት፦ አልቀመጥም አልኩ እኮ! መግቢያው ሺህ ብር፣ ብላይንዱ መቶ? ካርዴን ሳላይ በግድ የማስቀምጠው ይሄን ሁሉ ነው?

በላቸው፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ባለ አምስት ብሮቹ ቢጫ ቆርኪዎች ጠፉ። አሁን ትንሹ ቀዩ ነው፣ ሃምሳ ብር። ሃምሳና መቶ ሆነ፣ በቃ።

ትርሲት፦ ያለፈው ቅዳሜ አምስትና አስር ነበር! ቆርኪ ሲጠፋም ኑሮ ይወደዳል እንዴ?

በላቸው፦ ባለቤቴን በለጡን ጠይቂያት። ጠርጋ ጥላው ይሆናል።

ትርሲት፦ እትዬ በለጡ ሐዋሳ ከሄዱ አስር ቀናቸው።

በላቸው፦ እ… እንግዲያው ድመቷ ናት።

ትርሲት፦ ስድስት ሆነን ስንጫወት ተራው በዞረ ቁጥር አንዴ ሃምሳው፣ አንዴ መቶው ይደርሰኛል፤ በየዙሩ መቶ ሃምሳ ይሄድብኛል። ካርድ እየጣልኩ ዝም ብዬ ብቀመጥ እንኳ ሺህ ብሬ ሰባት ዙር አትሞላም። ፖከር ነው ሎተሪ?

በላቸው፦ ወይ ፕሮፌሰር! ማን ነው ደግሞ ይሄን ያስተማረሽ?

ትርሲት፦ ማንም። ለዚህ ነው በደንብ የገባኝ።

በላቸው፦ ባይሆን ያቺን አምስት ሺህሽን በአንዴ ይዘሽ ግቢ።

ትርሲት፦ እሷ እስከ መስከረም ለጨዋታ የለየኋት ናት። ለአንድ ቅዳሜ አንድ ሺህ፣ ካለቀች ከዚህ ወንበር ተነሳሁ። ከጸጉር ቤቴ ብር ሳንቲም አልነካም። እርስዎማ የቤት ኪራይ ይሰበስባሉ፤ ሶስቴ ቢከስሩ አራቴ መልሰው ይገባሉ።

በላቸው፦ ምቀኛ!

ትርሲት፦ በሽንብራ እንጫወት።

በላቸው፦ ለፋሲካ ሞከርነው አይደል? ሽፈራው ስልሳ ብሩን ቆረጣጥሞ በላው።

ትርሲት፦ ጥሬውን እናድርገዋ።

በላቸው፦ የሽፈራውን ጥርስ አታውቂውም።

ትርሲት፦ ለመሆኑ በዚህ ሙቀት ኮቱ ምንድነው?

በላቸው፦ ጉንፋን ይዞኛል።

ትርሲት፦ እግዜር ይማርዎ። ሲቀመጡ ግን ኪስዎ ይንቃጨላል።

በላቸው፦ ቁልፍ ነው።

ትርሲት፦ ቁልፍዎማ ይኸው እኔ ፊት ተቀምጧል። እስቲ ተነስተው አንዴ ይዝለሉልኝ።

በላቸው፦ ቀስ በይ፣ ሰዎቹ በር ላይ ናቸው! … ቢጫውን ለአንድ ሰው ስንት ስንት ነበር የምናድለው?