የእማማ በለጡ የማስታወስ ፈተና

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳለሁ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ቤት ለቤት እየዞርኩ አዛውንቶችን ስለ አመጋገባቸውና ስለ ማስታወስ ችሎታቸው እጠይቅ ነበር። የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ለሚኖሩት ለእማማ በለጡ፣ «እንቁላል፣ ወተት፣ ሙዝ፤ ቆይቼ ስለምጠይቅዎት እንዳይረሱ» አልኳቸው። ስለ ጉልበታቸው ሕመም ስናወራ ቆየንና ጠየቅኳቸው።

«እንቁላል፣ ወተት፣ ሙዝ» አሉ ፈጠን ብለው፤ «መቼ ነው የምታመጪልኝ?»

ሳቄ አመለጠኝ። «ለፈተና ነው እኮ፣ እማማ! ትናንት ማታስ ምን በሉ?»

ጣራ ጣራውን አዩና፣ «እንጃ፣ ረሳሁት» አሉ።

«ሦስቱን እንደ ዳዊት ደግመውልኝ ይሄን እንዴት ይረሳሉ?» ብዬ ወጥሬ ያዝኳቸው።

እስክሪብቶዬን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ጦሟን አደረች ብለሽ ከምትጽፊብኝ፣ ረሳች ብለሽ ጻፊ!» አሉኝ።