ከሹመት በፊት ጥያቄ

ጋሽ ፍሬን የጡረታ ደብተራቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ጎራ ባሉበት ሱቅ የወንድማቸውን ልጅ አገኛታለሁ ብለው አላሰቡም። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሠላሳ ዓመት መኪና መንዳት ሲያስተምሩ «ፍሬን፣ ፍሬን» እያሉ ስለኖሩ ቅጽል ስሙ በዚያው ጸናባቸው። ልጅቱ አባቷ ከሞተ ወዲህ በእሳቸው እጅ ያደገች፣ ዛሬ አንቱ የተባለች የውሃ መሐንዲስ ናት። ባለፈው ሳምንት ራዲዮኑ «የመንግሥቱ መሪ ለውሃ ሚኒስትርነት አጫት» ሲል፣ ጋሽ ፍሬን «ተሾመች» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሰዋል።

ታዲያ ሚኒስትሯ ወረፋ ይዛ የትምህርት ማስረጃዋን ኮፒ ስታስደርግ ቢያዩ ግር አላቸው።

«ምን ቀረሽና ነው ወረቀት የምትሰበስቢው?»

«ገና እጩ ነኝ እኮ ጋሼ። የምክር ቤቱ ኮሚቴ ማስረጃዬን ይመረምራል፣ በሕዝብ ፊት ይጠይቀኛል፤ ከዚያ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። አብዛኛው ድምፅ ከደገፈኝ ቃለ መሐላ ፈጽሜ ሥራ እጀምራለሁ። ካልደገፈኝ መሪው ሌላ ሰው ያቀርባል።»

ሽማግሌው ቱግ አሉ። መሪው አምኖባት ሳለ ምክር ቤቱ ማን ነውና ነው እንደ ሌባ የሚያፋጥጣት? እርግጥ ሆዳቸውን የበላው ሌላ ነገር ነበር። እሷ የመራችው አንድ የውሃ መስመር ሁለት ዓመት ዘግይቷል፤ ይህን ካነሱባት ሹመቱን ውሃ በላው ማለት ነው። ደግነቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ መኪና መንዳት የተማረው ከእሳቸው ነው። «ያቺን ጥያቄ እንዲዘልልሽ እለምነዋለሁ» ብለው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ልጅቱ እጃቸውን በቀስታ ያዘች።

«ጋሼ፣ ከደወሉ ከእጩነቱ እወጣለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያሠለጠኑትን ተማሪ ራስዎ ፈትነው መንጃ ፈቃድ ይሰጡት ነበር?»

«አይ፣ ፈታኙ ሌላ ነው።»

«ለምን? ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ጋሽ ፍሬን ትንሽ አሰቡ። «ተማሪዬን እወደዋለኋ። የወደዱት ሰው ጥፋት አይታይም።»

«መሪውም ወዶ ነው የመረጠኝ። እንግዲህ ሌላ ዓይን ይየኝ።»

ጋሽ ፍሬን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። በክፋት ቢጥሏትስ? ወይስ ነገሩ ሁሉ እጅ አውጥቶ ማጨብጨብ ብቻ ቢሆንስ? ልጅቱ ሁለቱም እንደሚያጋጥም አልካደችም። በአደባባይ ሲሆን ግን ክፋቱም ጭብጨባውም ይታያል፤ በጓዳ ሲያልቅ ማንም አያየውም አለቻቸው።

«እኛ እኮ ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ሰውየው ሳይበላ በፊት ቢጠየቅ አይሻልም?» አለች።

ሳቃቸው አመለጣቸው። ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱት፤ ልባቸው ግን አልረጋም።

ኮሚቴው በጠራት ቀን ጋሽ ፍሬን ከታዛቢዎች ወንበር ተቀመጡ። ያ የድሮ ተማሪያቸው የፈሩትን ጥያቄ የመጀመሪያ አድርጎ አቀረበው። ጋሽ ፍሬን ሳይታወቃቸው ወለሉን በቀኝ እግራቸው ረገጡት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «የአፈሩ ጥናት ሳያልቅ ቁፋሮ አስጀመርኩ፤ መሬቱ ተናደና እንደ አዲስ ጀመርን። ከእንግዲህ ጥናት ሳይጠናቀቅ አልፈርምም።»

እንዲህ ያለ ቃል በጓዳ ሹመት አይገኝም። ተሿሚዋ በአደባባይ የገባችውን ቃል መዘንጋት አትችልም፤ የሾማትም ሰው ነገ ሌላ እጩ ሲያቀርብ ሁለት ጊዜ ያስባል።

በሳምንቱ ምክር ቤቱ በሰባት ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ሹመቷን አጸደቀ። ጋሽ ፍሬን ከታዛቢዎች ወንበር ሆነው ሰባቱን አንድ በአንድ በዓይናቸው ለቀሟቸው፤ አጎት ናቸውና ይፈቀድላቸው። አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት እናት ፈገግ ብለው ዘመድዎ ናት ወይ ብለው ጠየቋቸው። የወንድሜ ልጅ ናት አሉ በኩራት።

«እኔ ውሃው የዘገየበት ሰፈር ነዋሪ ነኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ምክንያቱን የነገረን የለም። ያ ሰብሳቢ ባይጠይቃት ዛሬም አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጠው።»

«አሜን» አሉ ጋሽ ፍሬን፣ አንገታቸውን ደፍተው። አንድ ቃል ቢጨምሩ ያንን ጥያቄ እሳቸው ራሳቸው ሊያስቀሩት እንደነበር አፋቸው ያወጣው ነበር።