የዘበኛችን ክንድ

የጤና ጣቢያችን ሠራተኞች የፈንጣጣ ክትባት ስንከተብ፣ ዘበኛው ኦቦ ዲንሳ ብቻ እንቢ አሉ። መርፌውን ይዤ በራቸው ድረስ ብሄድም፣ «ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ እኔን ተዪኝ፤ በሽታው ራሱ ይፈራኛል» ብለው መለሱኝ። ገና ጀማሪ ነበርኩና መከራከር አልደፈርኩም።

በሳምንቱ አንዲት እናት ከባኬ ጃማ ሕፃን አዝላ መጣች። ጎረቤቷ ቤት ፈንጣጣ ገብቷል። ግን በሩ ላይ ክትባቱ ያሳበጠውን ክንዴን ስታይ ወደ ኋላ ማለት ጀመረች። ወደ ዘበኛው ዞረችና፣ «ኦቦ፣ እርስዎስ ተከትበዋል?» አለቻቸው።

«ኤዬ፣ ጃንሆይ ይሙቱ ተከትቤያለሁ። ምን ሆንኩ ታዲያ? ግቢ» አሏት።

ግራ ገባኝ። ማን ከተባቸው? እኔ በሌለሁበት ይሆን? ወይስ ያን ቀን የነገሩኝ ቀልድ ነበር? ይህንኑ እያሰላሰልኩ ሕፃኑን ከተብኩት።

እናትየዋ አመስግና ከግቢው እንደወጣች ኦቦ ዲንሳ ገቡ፤ በሩን ዘጉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ቶሎ ክተቢኝ» አሉኝ። «የማልኩት በጃንሆይ ነው።»