መስኮት ሳይከፈት የገባው ንፋስ

ከወለንጪቲ ወደ አዳማ በሚኒባስ ስንመጣ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ንፋስ ይመታኛል» ብለው መስኮቱን ሁሉ አዘግተውን በሙቀት ልንፈነዳ ደርሰናል። ከያዝኩት ሚንት ከረሜላ አንዱን ሰጠኋቸው። ትንሽ እንደመጠጡት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «ማነው መስኮት የከፈተው?» ብለው ተቆጡ።

ዞር ዞር ብለን ብናይ ሁሉም ዝግ ነው። የባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሁ፣ ደስታው አላስችል አለኝ። «እማማ፣ ከረሜላው ነው እኮ። ሚንት ብርድ የሚለየውን ነርቭ ይቀሰቅሰዋል፤ አፍዎ ሳይቀዘቅዝ የቀዘቀዘ ይመስልዎታል። ምላስዎን ይንኩት።» በጣታቸው ነኩት። «እውነትም ይሞቃል» አሉ። አሁንስ አሳመንኳቸው ብዬ መስኮቱን ልከፍት ስል እጄን ያዙኝ። «የውሸቱ እንዲህ ካደረገኝ እውነተኛውማ ይጨርሰኛል።»

ምን ይደረግ፣ የቀረውን ከረሜላ ለተሳፋሪው አደልኩ። አፋችንን ከፍተን አየር እየሳብን አዳማ ገባን።