ልጅቷ ፒያሳ፣ ሥራዋ ስድስት ኪሎ

ራስ መኮንን ድልድይ ላይ የጎረቤቴን የአቶ ዘይኑዲንን ልጅ ተስኒምን ቆማ አገኘኋት። ላፕቶፗን አቅፋ አንዴ ወደ ስድስት ኪሎ፣ አንዴ ወደ ቤቷ ታያለች። አባቷ ልባቸው ደክሞ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዷቸው ብለዋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ምነው ልጄ?» አልኳት።

«አባባ አባረሩኝ፣ ጋሼ ፍስሃ። ሥራ ሂጂ አሉኝ።»

ተስኒም የሳንባ ነቀርሳ ተመራማሪ ናት። የበሽተኞቹ መረጃ ያለው ስድስት ኪሎ መሥሪያ ቤቷ ግቢ፣ ሰርቨር በሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ከዚያ እንዲወጣ አይፈቀድም። አለቃዋ ግን ከቤት ሆና እንድትገባበት ፈቅደውላታል። ከሩቅ የሚያገናኘውን ፕሮግራም ላፕቶፗ ላይ ጭና፣ የሰርቨሩን አድራሻና የይለፍ ቃሏን አስገብታ ሞክራዋለች። ፕሮግራሙ እሺ ብሏል፤ እሺ ያላሉት አባትየው ናቸው።

ላስታርቅ አብሬያት ቤታቸው ገባሁ። አቶ ዘይኑዲን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ትራስ ተደግፈው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ተከራከሩኝ። ቤት ተቀምጦ ደሞዝ መብላት ለእሳቸው ሐራም ነው። ባለቤታቸው ኡሙሀኒ የሞተች ዕለት እንኳ ልጅቷን ሥራ የላኳት እሳቸው ናቸው። ይህንን እንደ ጀግንነት ሲያወሩት በሰማሁ ቁጥር እናደዳለሁ።

«ሳልነካው የጠገንኩት ሰዓት የለም» አሉ።

«ሥራው የሚሠራው እዚያው ነው፣ አባባ። እዚህ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው፤ እኔ ከዚህ አዘዋለሁ» አለችና አገናኝታ ስሌቱን አስጀመረች።

ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። «ይኸው፣ ሥራሽም ጠፋ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ተስኒም በስልኳ ኢንተርኔት እንደገና ገባች። ስሌቱ ከተለየንበት ቦታ አልፎ ሄዷል።

ሽማግሌው ዞረው ትኩር ብለው አዩት።

«እኛ ስንቋረጥ እሱ አላቆመም?»

«አያቆምም። ያለው ስድስት ኪሎ ነው።»

«እናትሽ የሞተች ቀንስ? ይህ ነገር ነበረ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «ነበረ፣ አባባ። እርስዎ ሂጂ ስላሉኝ ሄድኩ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንባቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ አልጋው አጠገብ ሆና ትሠራ ጀመር። ታጠጣቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፤ ጥናቱም አልተጓተተም፣ የበሽተኞቹም ምስጢር ከግቢው አልወጣም። በታክሲ ጥበቃ ያልቅ የነበረው ጊዜዋ ለአባቷ ሆነ። ጎረቤት እሷን ቤት አግኝቶ ሊልካት ሲል የሚቆጡት እሳቸው ሆኑ። «ልጄ ሥራ ላይ ናት፤ ቤት መሆኗን አትዩ» ይሉ ነበር። እኔም ለአንባቢዬ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

የሞቱት እጃቸው በተስኒም እጅ ውስጥ እንዳለ ነው። ከቀብር ስንመለስ ላፕቶፑ ክፍቱን ቀርቶ ባትሪው አልቋል። ልዘጋላት ስጠጋ «ይተዉት ጋሼ፣ እዚያ አልቆመም» አለችኝ።

ቀጥላም ቀስ ብላ «የእማዬንም እጅ እንዲህ መያዝ እችል ነበር» አለች።