ሳይነበብ የተፈረመ ወረቀት

ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ኃላፊያችን ኦቦ ፉፋ፣ ለዚህ ሽኝት ስለደከማችሁ ገላቶማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ መለያየቱ ከብዷት ነው እንዳትሉ። ፈርቼ ነው።

እዚህ አምቦ መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬ፣ ከጎጆ ከተማ እስከ ወንጪ የመጣውን ፋይል ሁሉ አገላብጫለሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ያወቅኩት ግን ከኦቦ ሆርዶፋ ጋር ፓርቲ እናቋቁም ካልን ወዲህ ነው። ስልኬ በጠራ ቁጥር ሳላነሳ እዘጋዋለሁ። ልጄ ቤርሳቤህ "እማዬ፣ ማነው?" ስትለኝ "የተሳሳተ ቁጥር ነው" እላታለሁ። የተሳሳተ ቁጥር በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላል?

ታዲያ ምን አገባሽ ትሉኝ ይሆናል። የሻይ ክበባችን ነው ያስገባኝ። ድሮ አንድ ጠረጴዛ ነበረን። ፖለቲካው መጣና ሁለት አደረገን። አምና ከወዲያኛው ጠረጴዛ ኤልያቄም እናቱን ቀብሮ ሲመለስ፣ ከእኛ ጠረጴዛ ተነሥቶ "እግዜር ያጽናህ" ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት። ተከራክሮ ሲያበቃ አብሮ ለቅሶ የሚቀመጥ ፓርቲ ብንፈጥርስ ብዬ የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ለምዝገባ የመሥራቾች ፊርማ ያስፈልጋል፤ የማስገቢያው ቀን ሰኞ ያበቃል። ባለፈው ማክሰኞ ፎርሙን ለኦቦ ሆርዶፋ ላሳያቸው ይዤ መጥቼ፣ የግምገማ ስብሰባው ላይ ረስቼው ወጣሁ። ስመለስ አርባ አንድ ፊርማ አርፎበታል። ስልክና ቀበሌ ሳይቀር ተሞልቷል።

"ጂቱ፣ ምንድን ነው የፈረማችሁት?" አልኳት ይህችን ባልደረባችንን።

"የስብሰባው አቴንዳንስ ነዋ። እኔማ እንዳልዘለል ብዬ ሁለቴ ፈርሜያለሁ።"

ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም ስቄ ነበር። ለመሆኑ በስብሰባ የዞረ ወረቀት ይነበባል እንዴ? ፈርሞ ለጎረቤት ማቀበል ነው።

ቤት ገብቼ ስቆጥረው ግን ሳቄ ጠፋ። የጎደለን ሠላሳ ስምንት ፊርማ ብቻ ነበር። ማን ያውቃል ብዬ ወረቀቱን ሦስት ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ደበቅኩት። ኦቦ ሆርዶፋን ሳማክራቸው፣ "ጋዲሴ፣ ሳያነቡ የፈረሙ ሰዎች አሁን ተነሥተው ያነባሉ ብለሽ ነው?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የእኔ ስልክ እንደሚጠራው የጂቱም ስልክ ሲጠራ ታየኝ። እኔ እየፈራሁም ቢሆን ወድጄ ገብቻለሁ። እሷ ምን ብላ ትመልሳለች? ሰውን ሳያውቅ አስፈርሞ የተጀመረ ፓርቲስ በኋላ ለማን እውነት ይናገራል?

ወረቀቱ ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። መጀመሪያ አንብቡት። የማትፈልጉ ስማችሁን ሰርዙ፤ አላኮርፍም፣ መንገድ ላይ ስንገናኝም ሰላም እላችኋለሁ። ሦስታችሁ እንኳ ከሰረዛችሁ ሰኞ ፓርቲ የለም። እኔም ሥራ የለኝም፤ የፓርቲ መሪ እዚህ የመንግሥት ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም ብዬ መልቀቂያዬን አስገብቻለሁ። ይህንንም እፈራለሁ።

ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። የአንዳችሁ ሐዘን ሌላችሁን ከመቀመጫው የሚያስነሣ ይሁን። ሳታነቡ ከመፈረም ይሰውራችሁ። ሆራ ቡላ፣ ኑሩልኝ።

አሁን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ማን እንደሰረዘ ማየት አልፈልግም።