ሞተሃል ያለችኝ ድምፅ

ወገቤን ቢይዘኝ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረድኩላችሁ። ወንዱንና ሴቱን የሚለየው አንድ ስስ ግንብ ነው። እንፋሎቱ ውስጥ ተዘፍዝፌ ሳለሁ ከግንቡ ማዶ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ «ቀስ ብለሽ ግቢ፣ ያዳልጣል» ስትል ሰማሁና በዚያ ሙቀት በረዶ ሆንኩ። ያ ድምፅ! በወታደርነቴ ጉና ላይ ምሽግ ይዘን ሳለ፣ ጠላት ወኔያችንን ለመስበር የሞቱብንን ጓዶች ስም በሬዲዮ ያስነብባት የነበረችው ሴት ናት። ተደብቀን እንሰማት ነበር። አንድ ቀን፣ «አስር አለቃ ታፈረ» ብላ እኔኑ አነበበችኝ። ጓደኞቼ ሬሳ የሆንኩ ይመስል ከጎኔ ተነስተው ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ግንቡን ተጠግቼ፣ «እትዬ፣ ሞተ ብለው ያነበቡኝ አስር አለቃ ታፈረ እኔ ነኝ» አልኳት። ወደ ግንቡ ስትጠጋ ውሃው ተንቦጫረቀ። ከዚያ፣ «ስምዎን ያገኘነው ካፖርት ኮሌታ ላይ በክር ተጠልፎ ነው። ሬሳው ለብሶት ነበር» አለች።

በዚያ ብርድ ለዘብ ተረኛ ካፖርት እንዋዋስ ነበር። የእኔን ለብሶ የወጣው ጓደኛዬ ሳይመለስ ሲቀር፣ ከድቶ ለጠላት ገባ ብለን ረግመነዋል። ይህንኑ ነገርኳት። «የእሱን ስም ይንገሩኝ፤ ሳልጠራው ቀርቻለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ልክ እንደ ያኔው ሬዲዮ ሆኖ። እናቱ ገሳይ ከተማ ይኖራሉ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እጄን ይዘው፣ «ሬዲዮኑ ስሙን አልጠራውም እኮ፤ ልጄ በሕይወት አለ» ይሉኛል። እርጥብ ገላዬ ላይ ልብሴን ደርቤ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ከግንቡ ማዶ፣ «ማን ልበል?» ትላለች አሁንም።